የሰማ ላልሰማ ምን ብሎ ያሰማ? የሀሪኬን ማስጠንቀቂያ የሚሰናከልበት ቦታ

ኦክቶበር 2025 መጨረሻ ላይ ሜሊሳ የተባለው ሀሪኬን ወደ ጃማይካ እየተጠጋ ነበር። በዚያው ሰሞን የሰዎች ስልክ በቪዲዮ ተጥለቀለቀ። በሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሻርክ ሲዋኝ የሚያሳየው አንዱ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩ ነበሩ። ባለሥልጣናቱም ሕዝቡ ትክክለኛውን ምንጭ ብቻ እንዲከታተል ደጋግመው ለመኑ። ሜሊሳ ኦክቶበር 28 ቀን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚገሰግስ ነፋስ የደሴቲቱን ምዕራባዊ ክፍል መታ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ሆኗል። ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ቪዲዮውን ካጋሩት መካከል ክፉ ያሰበው ጥቂት ይመስለኛል። አብዛኛው ዘመድ ወዳጁን ለማንቃት ብሎ ነው። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ዛሬም የሚጓዘው እንደዚያው ነው። ከሳተላይት ተነስቶ፣ በባለሙያ አልፎ፣ በቴሌቪዥን ተነግሮ፣ መጨረሻ ላይ ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚያ መጨረሻው ላይ ነው።

ትንበያው ተሻሽሏል

ሀሪኬን በሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚፈጠር፣ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ግዙፍ አውሎ ነፋስ ነው። በአትላንቲክና በምሥራቅ ፓስፊክ ሲሆን ሀሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ሲሆን ታይፉን፣ በህንድ ውቅያኖስ ሲሆን ሳይክሎን ይባላል። ነገሩ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለየው ቦታው ነው። ሀሪኬን ለመባል የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት።

ከመቶ ዓመት በፊት ትልቁ ችግር አለማወቅ ነበር። ያኔም ቢሆን ግን ያወቀ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በቴክሳሷ የጋልቨስተን ከተማ ላይ የወረደው ሀሪኬን ቢያንስ 6,000 ሰው ገድሏል። 12,000 የሚያደርሱትም አሉ። የኩባ ባለሙያዎች አውሎ ነፋሱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንደሚዘልቅ ገምተው ነበር። ዋሽንግተን የነበረው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ቢሮ ግን ወደ ፍሎሪዳ ይታጠፋል አለ። ይባስ ብሎ የኩባውያኑ የአየር ትንበያ በቴሌግራም እንዳይተላለፍ ቀደም ሲል አግዶ ነበር። ንቀት ነው እንጂ የመሣሪያ እጥረት አልነበረም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። አሁን ከሦስት ቀን በፊት የሚሰጠው የአቅጣጫ ትንበያ በ1990 አካባቢ ከአንድ ቀን በፊት ይሰጥ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ደካማው ጎን የጉልበት ትንበያ ነው። ኦክቶበር 2023 ኦቲስ የተባለው ሀሪኬን በሜክሲኮ አካፑልኮ ላይ ሲደርስ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ ደረጃ 5 ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ግን ገና ሀሪኬን እንኳ አልሆነም። ኮምፒውተሮቹም አልገመቱትም። አካፑልኮ ለመዘጋጀት ያገኘችው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። እንዲህ ያለው ክስተት ግን አሁንም ጥቂት ነው። ብዙ ሕይወት ባጠፉት የቅርብ ጊዜ አውሎ ነፋሶች ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ስሙ ሲምታታ

ኖቬምበር 2013 ታይፉን ሃይያን ፊሊፒንስን ሲመታ ከ6,300 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኛውን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ወደ ታክሎባን ከተማ የገባው ባሕር ነው። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ውሃው እስከ 7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ቀድሞ ተናግሮ ነበር። የተጠቀመው ግን «ስቶርም ሰርጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሙያዊ ቃል ነው። ከአደጋው በኋላ ብዙ የታክሎባን ሰዎች ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እንዳልገባቸው ተናገሩ። ሱናሚ ቢባል ኖሮ እንሸሽ ነበር አሉ። ሱናሚ ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣ በመሆኑ ባለሙያው ቃሉን መጠቀም አልፈለገም። በሳይንሱ ልክ ነበር። ሰሚው ግን አልሰማም።

ስቶርም ሰርጅን በአማርኛ «የባሕር ሙላት» ብንለው ብዙ አንርቅም። ነፋሱ የባሕሩን ውሃ እየገፋ ወደ የብስ ይከምረዋል። የባሕሩ ወለል ጥልቀት ከሌለው ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል። ወንዝ ሞልቶ ከግራ ቀኙ እንደሚወጣው ሁሉ ባሕሩ ከዳርቻው ወጥቶ መንደር ውስጥ ይገባል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በመሆኑም ግድግዳ የሚጥለው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ክብደቱና ግፊቱ ነው።

ሁለተኛው ግራ አጋቢ ቃል «ደረጃ» ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው የሳፊር ሲምፕሰን መለኪያ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናብም ሆነ ስለ ባሕር ሙላት የሚለው ነገር የለም። ሰው ግን «ደረጃ 1 ነው አሉ፣ ቀላል ነው» ብሎ ይቀመጣል። በአሜሪካ ለ50 ዓመት የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው በአውሎ ነፋስ በቀጥታ ከሞቱት 10 ሰዎች 9ኙን ያህል የገደለው ውሃ ነው። የ2024ቱ ሄሊን በፍሎሪዳ ዳርቻ በደረጃ 4 ገባ። ብዙ ሰው የሞተው ግን ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙት የሰሜን ካሮላይና ተራሮች ነው፤ ነፋሱ ከደከመ በኋላ፣ በጎርፍና በመሬት መንሸራተት። ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው «ሀሪኬን መጣ» ማለት ምን ማለት ነው? ባሕር በሌለበት ማን ይነሳል?

ሦስተኛው መምታታት እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ይበልጥ ይመለከታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ያወጣል። «ዋች» የሚባለው አደጋው ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከተባለበት ጊዜ 48 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወጣል። «ዋርኒንግ» የሚባለው ደግሞ አደጋው ይጠበቃል፣ ዝግጅታችሁን ጨርሱ ማለት ነው፤ 36 ሰዓት ያህል ሲቀር ይወጣል። በአማርኛ ሁለቱንም «ማስጠንቀቂያ» ብለን እናልፋቸዋለን። ስለዚህ የአገሩን ቋንቋ ለማይሰማ ዘመዱ የሚተረጉም ሰው ሳያስበው ልዩነቱን ያጠፋዋል። የመጀመሪያውን «ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁ»፣ ሁለተኛውን «እየመጣ ነው፣ ጊዜ የለም» ቢላቸው ይሻላል። ቃል በቃል ትርጉም አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ይደርሳል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ቢሆኑ በራሳቸው ቃል ተሰናክለዋል። በኦክቶበር 2012 ሳንዲ ወደ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ስትቃረብ የሀሪኬንነት ጠባይዋን እያጣች ነበር። ማዕከሉም በደንቡ መሠረት ለዚያ አካባቢ የሀሪኬን ማስጠንቀቂያ አላወጣም፤ ጉዳዩ በሌላ ስም ለአካባቢው ቢሮዎች ተላለፈ። የባሕሩ ውሃ ግን የምድብ ስም አይጠይቅም። በ2013 ደንቡ ተሻሻለ።

ሾጣጣው የሚለውና የማይለው

ሀሪኬን በቀረበ ቁጥር ስልክ ላይ የሚዞር አንድ ካርታ አለ። ከአውሎ ነፋሱ ተነስቶ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ሾጣጣ ይታይበታል። ብዙ ሰው ሾጣጣውን የአደጋው ስፋት አድርጎ ያነበዋል። ውስጥ ያለው ይጎዳል፣ ውጪ ያለው ተርፏል ይላል።

ሾጣጣው የሚለው ሌላ ነው። የአውሎ ነፋሱ መሐል የት የት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ያሳያል። ስፋቱ የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት ከታየው የትንበያ ስሕተት ነው። መሐሉ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን በሾጣጣው ውስጥ ይቆያል። በሦስተኛው ይወጣል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ነፋሱና ዝናቡ ከመሐሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

የ2022ቱ ኢያን ይህን በሚያሳዝን መንገድ አሳይቷል። ለተወሰኑ ቀናት የሁሉም ዓይን በፍሎሪዳዋ ታምፓ ከተማ ላይ ነበር። አውሎ ነፋሱ ግን ወደ ደቡብ አዘነበለና ሴፕቴምበር 28 ቀን በፍሎሪዳ ሊ ካውንቲ በኩል ገባ። አካባቢው ነዋሪውን ውጡ ያለው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ሙላቱ ብቻውን 41 ሰው ገደለ። ትዕዛዙ ዘግይቷል የሚሉ አሉ። ትንበያው እስከዚያ ድረስ ያን ያህል አያስገድድም ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ሕዝቡ የሾጣጣውን መሐል መስመር እንደ ተቆረጠ መንገድ ማየቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ ከተሳሳተ ቦታ ሲነሳም ጉዳት አለው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ዶሪያን የተባለው ሀሪኬን አላባማንም እንደሚያሰጋ ጻፉ። በበርሚንግሃም ያለው የአየር ትንበያ ቢሮ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ አላባማ ምንም እንደማይደርስባት አሳወቀ። ቀጥሎ የመጣው ሾጣጣው በብዕር እስከ አላባማ የተለጠጠበት ካርታና ረጅም የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቁን ትተን ነገሩን ብቻ ብንወስደው የማይመለከተውን ሰው ማስጠንቀቅም ዋጋ ያስከፍላል። ያ ሰው ሌላ ጊዜ ሲነገረው ጆሮ አይሰጥም።

ሰምቶ አለመነሳት

ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወዲያው አይወጣም። በዚህ ጉዳይ ረጅም ዘመን ያጠናው የአሜሪካ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ዴኒስ ማይለቲና ባልደረቦቹ ያዩት ይህን ነው። ሰው መጀመሪያ ያጣራል። ሌላ ጣቢያ ይከፍታል። ጎረቤቱን በመስኮት ያያል። ወንድሙ ጋ ይደውላል። «እናንተስ ምን አሰባችሁ?» ይላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። አእምሮ ያልለመደውን ነገር ለማመን የሚሄድበት መንገድ ነው።

በዚያች የማጣሪያ ሰዓት የሚደወልለት ሰው የማስጠንቀቂያው አካል ይሆናል። «ኧረ ምንም አይሆንም፣ ባለፈውም እንዲሁ ብለው ነበር» ካለ የሳተላይቱም የባለሙያውም ድካም እዚያ ያበቃል። «እኛ እየወጣን ነው፣ ቦታ አለን፣ ኑ» ካለ ደግሞ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ይሠራል።

ሰምቶ፣ ገብቶት፣ አምኖም የማይነሳ አለ። ይሄኛው በምክር አይፈታም። በኦገስት 2005 ካትሪና ስትመጣ በኒው ኦርሊየንስ ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪ መኪና አልነበረውም። ወሩ እያለቀ ነበርና የብዙዎች ኪስ ባዶ ነበር። የግዴታ መውጫ ትዕዛዙ የተሰጠው አውሎ ነፋሱ ሊገባ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ነው። በኋላ «እየተነገራቸው ቀሩ» የሚለው ወቀሳ በየቦታው ተሰማ። መሄጃ የሌለውን ሰው ሂድ ማለት ማስጠንቀቂያ አይባልም። ሕመምተኛ ያለበት፣ አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ያለበት፣ ውሻውን የሚቀበለው መጠለያ ያጣ ሰውም እንዲሁ ነው። በነገራችን ላይ የቤት እንስሳ ነገር ቀልድ አይደለም። ከካትሪና በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የመልቀቂያ ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ በ2006 ሕግ አውጥቷል።

ማስፈራራት ይሠራል ወይ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም ይለያያሉ። አንደኛው ወገን ለስለስ ያለ ቋንቋ ሰው ይገድላል ይላል። ካትሪና ከመግባቷ በፊት ኦገስት 28 ቀን በሉዊዚያና ስላይደል የአየር ትንበያ ቢሮ የሚሠራው ሮበርት ሪክስ ያወጣው መግለጫ ለዚህ ይጠቀሳል። አብዛኛው አካባቢ ለሳምንታት ምናልባትም ከዚያ በላይ ሰው የማይኖርበት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ቋንቋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ አልነበረም። የተጋነነ የመሰላቸው ነበሩ፤ አልተጋነነም።

ሌላው ወገን ሁሌ መጮህን ይፈራል። ውሸታሙን እረኛ ያስታውሳል። ቅድም ያልኩት የአላባማ ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጥናቶቹ ግን የእረኛው ነገር በሀሪኬን ላይ የሚፈራውን ያህል እንደማይጸና ያሳያሉ። የተፈራው አውሎ ነፋስ ሳይደርስ ሲቀር ምክንያቱ ከተነገረው ሰው ይቅር ይላል። «ወደ ምሥራቅ ስለታጠፈ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ነው ያመለጣችሁ» የተባለ ሰው ሌላ ጊዜም ይሰማል። ዝም የተባለው ነው የሚቀየመው።

ከእረኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሪታ ናት። ከካትሪና ሦስት ሳምንት በኋላ ሪታ ወደ ቴክሳስ ስታመራ ሰው የካትሪናን ምስል ገና አልረሳም። ከሂውስተንና ከአካባቢው ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ወጡ። ብዙዎቹ ውሃ በማይደርስበት ሠፈር የሚኖሩና ማንም ውጡ ያላላቸው ነበሩ። መንገዱ ተዘጋ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ነዳጅ አለቀ። አዛውንቶችን ከመጦሪያ ያወጣ አውቶቡስ በእሳት ተያይዞ 23 ሰው ሞተ። በጠቅላላው በመልቀቁ ሂደት 100 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አውሎ ነፋሱ ደግሞ ከሂውስተን ፈቀቅ ብሎ ገባ።

የአሜሪካ የአደጋ ሠራተኞች ከውሃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተደበቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ባሕር ሙላት ወይም ጎርፍ የሚያሰጋው ይውጣ። የሌላው ሥራ ጠንካራ ቤት ውስጥ ከመስኮት ርቆ መጠበቅ ነው። «ሁላችሁም ሽሹ» የሚል መልእክት ይህን ልዩነት ስለሚያጠፋው መውጣት ያለበትን ሰው መንገድ ይዘጋበታል።

ባንግላዴሽ ያደረገችው

በኖቬምበር 1970 ቦላ የተባለው ሳይክሎን ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው ምድር ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሰው ጨረሰ። ራዲዮ ማስጠንቀቂያ አስተላልፎ ነበር፤ ነገር ግን ብዙው ሰው ምን ያህል እንደሚከፋ አልገባውም። በ1972 የሳይክሎን ዝግጁነት ፕሮግራም ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ሰው ይሸከመው። በጎ ፈቃደኞች በሜጋፎን እየጮኹ፣ በሳይረን እየነፉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይናገራሉ። ባንዲራም ይሰቅላሉ። አንድ ከሆነ አስተውሉ፣ ሦስት ከሆነ ወደ መጠለያ ግቡ ማለት ነው። ማንበብ የማይችልም ይቆጥራል።

በ1991 ሌላ ታላቅ ሳይክሎን ወደ 138 ሺህ ሰው ገደለ። ከሟቾቹ ሴቶች ይበዙ ነበር። ሴቶች ያለ ባል ፈቃድ ከቤት አለመውጣታቸውና በመጠለያው ከማያውቁት ወንድ ጋር ማደርን መፍራታቸው እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። እናም ወንድ ፈቃደኛ በር ላይ ቆሞ መጮሁ አልበቃም። ዛሬ ፕሮግራሙ ከ76 ሺህ በላይ ፈቃደኞች አሉት፤ ግማሹ ሴቶች ናቸው። በሜይ 2020 አምፋን ሲመጣ፣ ያውም በኮሮና ወረርሽኝ መሐል፣ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ መጠለያ ገባ። በባንግላዴሽ የሞተው 26 ገደማ ነው።

ምስጋናው ሁሉ ለሜጋፎኑ አይሰጥም። በሺዎች የሚቆጠሩ የኮንክሪት መጠለያዎች ተሠርተዋል፤ የውሃ መከላከያ ግንቦች አሉ፤ ትንበያውም አድጓል። አውሎ ነፋሶቹም በጉልበትና በሚገቡበት ቦታ አይመሳሰሉም። ቢሆንም መጠለያ ሠርቶ ሰው ካልገባበት ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሰውን ወደዚያ የሚያስገባው የሚያውቀው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ነው።

መልእክቱ ውስጥ ምን ይግባ

የማስጠንቀቂያ ጥናት በአንድ ነገር ላይ ከሞላ ጎደል ተስማምቷል። የሚሠራ መልእክት አምስት ነገር ይዟል፦ ማን አለው፣ ምን እየመጣ ነው፣ የት፣ መቼ፣ ምን ይደረግ። ስልክ ላይ የሚዞሩት መልእክቶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ይይዛሉ፤ እሱንም አስጊ ምስል ለጥፈውበት።

«መቼ» የሚለው ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ አደጋው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ሌላው መልእክቱ የተጻፈበት ሰዓት ነው። የሀሪኬን ማዕከሉ በየ6 ሰዓቱ አዲስ ትንበያ ያወጣል፤ አውሎ ነፋሱ ለየብስ ሲቀርብ ደግሞ በየ3 ሰዓቱ ያድሳል። ትናንት ማታ የተነሳ የካርታ ስክሪንሾት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሳይዋሽ። ስለዚህ ምስሉን ሼር ከማድረግ የምንጩን ሊንክ መላክ ይመረጣል። ምስል መላክ ግድ ከሆነ የወጣበት ቀንና ሰዓት ይታይበት።

«የት» የሚለውም የአገር ስም ብቻ ከሆነ አይረዳም። በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ አሜሪካውያን የሚታዘዙት በመልቀቂያ ቀጠና ነው፤ ቀጠናዎቹ በፊደል ወይም በቁጥር ይለያሉ። ሁለት ጎዳና የሚራራቁ ጎረቤታሞች የተለያየ ቀጠና ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። «ፍሎሪዳ አለቀላት» ከሚል መልእክት «የእናንተ ቀጠና ውጡ ተብሏል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበልጣል።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ

ኦገስት 2020 ላውራ ወደ ሉዊዚያና ስትቀርብ ማዕከሉ የባሕር ሙላቱን «ከእሱ ተርፎ መኖር የማይቻል» ብሎ ገለጸው። ብዙ ሰው ወጣ። በአሜሪካ በሙላቱ የሞተ አንድም ሰው አልተመዘገበም። ውሃው በአብዛኛው ሰው በማይበዛበት ረግረግ ላይ መውጣቱም ረድቷል። ያም ሆኖ የቋንቋው ጥንካሬ ድርሻ እንደነበረው ብዙዎች ይስማማሉ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጄኔሬተር አስነሳ። አንዳንዱ ጋራዥ ውስጥ፣ አንዳንዱ መስኮት ሥር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በማግስቱና በቀጣዮቹ ቀናት በሉዊዚያና ከባሕሩ ያመለጡ ሰዎች፣ ከአንድ ቤተሰብ የሆኑም ጭምር፣ በጄኔሬተር ጭስ ሞተው ተገኙ። ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ስለ ነፋሱ መዳከም ያወራ ነበር። መብራት በሌለበት ቤት ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያይ የለም። የሚቀረው የስልክ ጥሪ ነው፤ «ጄኔሬተሩን ከቤት አርቃችሁ ውጪ አድርጉት» የሚል።